ቁርስ ከፏፏቴው በፊት

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሦስት ሰዓት ተኩል። እንደዚያ ነው የነገሩኝ። ከጫካው በር እስከ ፏፏቴው ደርሶ መልስ፣ ሳይቸኩሉ፣ ለጤነኛ ሰው። ስልኩን ያነሳው ጥበቃ «ለጤነኛ ሰው» ያለውን ሁለት ጊዜ ደገመው። ድምፄን ሰምቶ ዕድሜዬን ገምቶ መሆን አለበት። እኔ ለእኛ አምስት ሰዓት ብዬ ይዣለሁ።

የምንሄደው ሐሙስ ነው። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ዘነበችና ሐጂ ነስሩ። ጡረታ ከወጣን ወዲህ በየማለዳው ቤቴል አስፋልት ዳር አብረን የምንራመደው እኛው። ከአየር ጤና በሰበታ አድርገን በሐጂ መኪና መናገሻ ሱባ ጫካ እንገባለን። ሐሳቡ የዘነበች ነው። ባለፈው ሳምንት ስንራመድ ከስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችን።

«ውሃ ከላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም» አለች።

«በኛ ሰፈር ከቧንቧም ሲወርድ ያየ የለም» አሏት ሐጂ።

እኔና ሐጂ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። «የምሬን ነው» አለች። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። በነዚህ ሁለት ዓመታት አንድ ነገር ስትፈልግ ሳያት ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ መሄድ አለብን። የምፈራውም ለዚሁ ነው፤ ከተበላሸ ሁለተኛ አትጠይቅም።

የሚያሰጉኝን ጻፍኩ።
የሐጂ ጉልበት።
እርጥብ ድንጋይ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ ፏፏቴ አጠገብ ያለ ድንጋይ ግን ወር አያውቅም።
ጫካው ውስጥ ኔትወርክ።
መኪናው። ከኛ ጋር ጡረታ መውጣት ነበረበት።
ምሳ።

ምሳው ብዙ አሳሰበኝ። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ዘነበች ጥብቅ ናት። ሐጂ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሁሉን እበላለሁ። መልሱ ሽሮ፣ ድንች በቃሪያ፣ ሙዝ፣ ቆሎ። ከዝርዝሩ ሥር «ሦስት ሃይማኖት፣ አንድ ምሳ ዕቃ» ብዬ ጻፍኩና በራሴ ተደሰትኩ። ሒሳብ ስታስተምር የኖረች ሴት እንዲህ ያለ መልስ ስታገኝ ደስ ይላታል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ቅጹን አደልኩ። እንደሚስቁብኝ አውቄ ነው ያዘጋጀሁት። ተማሪ ይዤ ለጉብኝት ስወጣ ያለ ቅጽ ወጥቼ አላውቅም። ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ችግር ቢፈጠር የሚደወልለት ሰው።

ሐጂ ወዲያው ቆመው ሞሉት። ዕድሜ፦ «መታወቂያው ላይ ያለው ውሸት ነው።» ሕመም፦ «ልጆቼ።» መድኃኒት፦ «አልተገኘም።»

«ሐጂ፣ ይኼ ቀልድ አይደለም» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ እኔም አልቀለድኩም» አሉኝ።

ዘነበች ቤቷ ወስዳ ሞልታ ማታ መለሰችው። የባልትና መምህርት ነበረች፤ ጽሕፈቷ እንደ ጥልፍ ነው። ሕመም፦ የለም። መድኃኒት፦ የለም። የሚደወልለት ሰው፦ ልጄ ዳዊት፣ ሐዋሳ። ንጹሕ ወረቀት። በቀይ ራይት አደረግኩበት።

ዛሬ ጠዋት ከሐጂ ጋር ሻይ ስንጠጣ... አይ፣ ሐጂ አልጠጡም። እኔ ብቻ ነኝ የጠጣሁት። ዘነበችም ቶሎ ገባች፤ ልብስ አስጥቻለሁ አለች።

ነገ ልምምድ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለውን ዳገት ሁለት ጊዜ ወጥተን እንወርዳለን። የጫካው መንገድ ከዚህ ዳገት አይብስም ብሎኛል ጥበቃው። ብሎኛል እንጂ አላየሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዳገቱን መጀመሪያ ጊዜ በአሥራ አራት ደቂቃ ወጣን። ሐጂ ሁለት ጊዜ ቆሙ፤ እንደጠበቅሁት። ዘነበች ከፊት ነበረች። ኮራሁባት። በሁለተኛው ግማሽ ላይ ስንደርስ ከኋላ መቅረት ጀመረች። ዞር ብዬ «ምነው?» ስላት የሰጠችኝ መልስ ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፤ «በሩን ዘግተሽዋል?» አለችኝ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጠዋቱ ብርዳም ነበር። ከዚያ አጥር ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። መንገድ ላይ። ዘነበች፣ ነጠላዋን ሳታነጥፍ ድንጋይ ላይ እንኳ የማትቀመጥ ሴት።

ሐጂ መኪና ለማምጣት በዚያ ጉልበታቸው ሮጡ። ቤቴል ያለው ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ የዘነበችን ጣት ወግታ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ስኳር አለብዎት?»

ዘነበች በአገጯ ቦርሳዋን አሳየች። ውስጡ የክኒን ብልቃጥ አለ።

«ዛሬ ውጠዋል?»

«ሲነጋጋ። በአንድ ጉንጭ ውሃ።»

«ቁርስስ?»

«ጾም ነው እኮ፣ ሲስተር።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

ነርሷ እኔን አየችኝ። በኪሴ እሷ የሞላችው ቅጽ አለ፤ «የለም፣ የለም» የሚል። ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጧት። ጠጣች፤ ግን እንባዋ ወረደ። ያለቀሰችው ስለ ደከመች አይደለም፤ ስለ ጠጣች ነው። ነርሷ ክኒኑን በባዶ ሆድ መዋጥ እንደሚጥል፣ ብቻዋን ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይደርስላት ሊቀር እንደሚችል በግልጽ ነገረችን። ለሦስት ቀን አርፋ እንድትመለስም አዘዘች።

መኪና ውስጥ ሐጂ ዝም ማለት አቃታቸው። «ዘነቡ፣ በእኛ ሕመምተኛ ይፈታል። ፈጣሪ አያስጨንቅም።»

«ሐጂ፣ እርስዎ በቁርኣንዎ፣ እሷ በመጽሐፍ ቅዱሷ፤ የኔን ጾም ለኔ ተዉልኝ» አለች። እስከ በሯ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ምን እንደምትበላ አስቤ ነበር። ሽሮው፣ ድንቹ። መቼ እንደምትበላ ግን አልጠየቅሁም። ፕሮግራሜ ላይ «12፡00 መነሻ፤ እያንዳንዱ ቁርሱን በልቶ ይምጣ» የሚል አለ። ለአንድ ጾመኛ ሰው። ከኦርቶዶክስ ባልደረቦች ጋር ዕድሜዬን ሙሉ በአንድ የመምህራን ክፍል ተቀምጫለሁ፤ ስንቶቹ እስከ ዘጠኝ እንደሚቆዩ፣ ስንቶቹ ከሥጋና ከወተት ብቻ እንደሚታቀቡ ለይቼ አውቅ ነበር። የሷን ግን እንደ ሁለተኛዎቹ ቆጠርኩት። ሳልጠይቅ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ጠዋት በደስታ ተነሳሁ። ቅዳሜ! ቅዳሜና እሑድ ጾም አይዋልም፤ ምግቡ ነው እንጂ የሚጾመው ሰዓቱ አይደለም። ቁርሷን በልታ ትሄዳለች፤ ማንም ሃይማኖቷን አይነካባትም። ፕሮግራሙን እንደገና ጻፍኩ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ ቅዳሜ ሰው እንደሚበዛም አስቤ መነሻውን በግማሽ ሰዓት አስቀደምኩት።

ሐጂ በር ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ «ጥሩ ነው» አሉ። «ጉዞውን አዳንሽው። ሴትየዋንስ?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

ሰኞ ማክሰኞ ክኒን ውጣ እስከ ዘጠኝ ትቆያለች። እስከ ገና ድረስ ማለት ነው። ከገና በኋላ ዓቢይ ጾም ይመጣል፤ እሱ ደግሞ ይረዝማል። እኔ ለአንድ ቀን ጉዞ ነው የተጨነቅሁት።

ለዳዊት ልደውል? ቁጥሩ አለኝ፤ በራሷ እጅ የጻፈችው። ለችግር ቀን ነው የሰጠችኝ። ይኼ ችግር አይደለም? ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ልጁ ከሐዋሳ ሮጦ ቢመጣ፣ ይዟት ቢሄድስ? እሱንም ፈራሁ። ለሷ ይሁን ለራሴ እንደፈራሁ አልለየሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬ ፏፏቴው ሥር መሆን የነበረብን ቀን ነው። እኔ ዘነበች ሳሎን ነበርኩ።

ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስኳሩን ያወቀችው ባሏ በሞተ በወሩ ነው። ለማንም አልተናገረችም።

«ለንስሐ አባትሽስ?»

«ከነገርኳቸው ብዪ ይሉኛል። ብዪ ካሉኝ መብላቴ ነው። ስለዚህ አልነገርኳቸውም።»

ተማሪ ቢሆን «አካሄዱ ትክክል፣ መልሱ ስሕተት» ብዬ እጽፍበት ነበር። መጠበቅ እችላለሁ፤ መልሱ ጠፍቶበት ከሰሌዳው ፊት የቆመ ልጅ እስኪመጣለት ብዙ ጠብቄያለሁ። መጣላት።

ባሏ የተኛው በዓቢይ ጾም ነበር። ሆስፒታል ቀን ከሌት ስታስታምም ዘመድ ጎረቤቱ ብዪ አላት። ጉልበት ይኑርሽ፣ በባዶ ሆድ በሽተኛ አይነሣም አሏት። በላች። «ከሰዓቱ በፊት በላሁ፤ በጠዋት። እሱን እያገላበጥኩ። እሱ ለሆሳዕና ሳይደርስ ሄደ።» የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣቷ ደጋግማ አስተካከለች። «አሁን ደግሞ ለራሴ ብዬ ልብላ?»

ምን ልበላት? ባልሽ በቁርስሽ አልሞተም ልበላት? እሷም ታውቀዋለች። ማወቅ ሌላ ነው።

ከዚያ የማልኮራበት ነገር ተናገርኩ። «እስከ ነገ ለንስሐ አባትሽ ካልነገርሽ ለዳዊት እደውላለሁ።» በዚያ በድሮው ድምፄ። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» በምልበት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አሁን ደግሞ ልጅ ይዘሽ ነይ ሆነ?»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳንፈልግ። ሳቋ ሳያልቅ «ውጪልኝ» አለችኝ። በቁጣም አልነበረም፣ በፍቅርም አልነበረም። ወጣሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

በሦስት ሰዓት ደወለች። «ብቻዬን አልሄድም» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አብሬያት ሄድኩ። አልገባሁም፤ እዚያ የኔ ቦታ አይደለም፤ ውጭ ግንቡ ሥር ከሚለምኑት እናቶች ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንዷ «ልጄ፣ አትገቢም?» አሉኝ። «ሰው እየጠበቅሁ ነው» አልኳቸው። «ሁላችንም» አሉኝ።

ቆየች። ሰዓቴን አየሁ። እንደገና አየሁ። ሃምሳ ደቂቃ። በሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ፈተና ይሠራል። እምቢ ብለዋት ይሆን? ወይስ ሳትነግራቸው ሌላ ነገር አውርታ ትመጣለች? ነግሬያቸዋለሁ ብላ ብትዋሸኝ በምን አውቃለሁ? አንዴ በወረቀት ዋሽታኛለች።

ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ተናዳለች።

«ተቆጡኝ።»

«ለምን በላሽ ብለው?»

«ለምን ደበቅሽ ብለው። ሁለት ዓመት ሙሉ መጥተሽ ይኼን ሳትነግሪኝ ምንድን ነበር ስትነግሪኝ የነበረው አሉኝ።» ጥቂት ተራመድን። «ጠዋት ከክኒኑ ጋር ቅመሺ፤ ስግደቱን ቀንሺ፤ ጸሎቱን ጨምሪ አሉ። በኔ ይሁን፣ የፈታሁልሽ እኔ ነኝ አሉ።»

ወዲያው «እንግዲያ ነገ ቅዳሜ እንሄዳለን!» አልኩ። ፕሮግራሙ ከቦርሳዬ ወጥቶ ነበር።

«ቅዳሜ አልሄድም። ቅዳሜ ማንም ይበላል።» ቆመች። «አንቺ፣ እኔ ራሴን አውቃለሁ። ቤቴ ብቻዬን ከሆንኩ ዳቦውን እቆርሰዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። እናንተ ባላችሁበት ልጀምረው። ሰኞ እንሂድ።»

ከጁምዓ በኋላ ለሐጂ ደወልኩ። «ሰኞ?» አሉ። ትንሽ ዝም አሉ። «ይሁን፤ ሰኞ።» የመኪናው ነገር አሳስቧቸው መሰለኝ። ጎማውን ያሳዩ ብዬ አሳሰብኳቸው። «እሺ፣ ቲቸር።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዝግጅት። ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር። ከረሜላ በሦስቱም ኪስ፤ በኔ፣ በሷ፣ በሐጂ። ፋሻ። ፊሽካ (ኔትወርክ ባይኖር)። ለሐጂ ምርኩዝ፤ አልቀበልም ይላሉ፣ ለጅብ ነው እላቸዋለሁ። የስግደት ምንጣፋቸውን ከኋላ ወንበር። ከፏፏቴው መልስ የቀትሩ ስግደት (ዝሁር) ሰዓት ስለሚደርስ ሃያ ደቂቃ ያዝኩ።

የዘነበችን ጫማ ሄጄ አየሁ። ክፍት ጫማ ነው። ተጨቃጨቅን። የባሏን ሸራ ጫማ አውጥታ ለካችው። ሰፋት፤ በሁለት ካልሲ ልክ መጣ። ካልሲውን ስትስብ ፊቷን አላየሁም፤ ሆን ብዬ።

ነርሷ ዛሬ ለክታት ደህና ነው አለች። ቁርስ በልታ፣ ቀስ ብላ፣ ከሰው ጋር ከሆነ ትሂድ። ሦስቱንም ቃል በቃል ጻፍኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ናት። ዘነበች በቤተ ክርስቲያን ዋለች። እኔም ከአምልኮ መልስ ምንም አልሠራሁም፤ የሚሠራም አልቀረም። የቀረው ዳቦውን መብላቷ ብቻ ነው። እሱን በፕሮግራም ማስያዝ አይቻልም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤቴ። እግሬ ባልዲ ውስጥ ነው።

በ12፡10 ተነሳን። እኔ ፊት፣ ዘነበች ኋላ፣ ዳቦው በፌስታል ጉልበቷ ላይ። አየር ጤናን አለፍን። ፌስታሉ አልተፈታም። ዓለም ገናን አለፍን። ስለ አየሩ አወራሁ፤ ብዙ አወራሁ። ሰበታን አልፈን ወደ ጫካው የሚወጣው አቧራማ መንገድ ስንገባ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። ክኒኑን ገና አልዋጠችም። በባዶ ሆዷ ዳገት አላስወጣትም፤ እንመለሳለን፤ ለመናገር አፌን ከፈትኩ።

ሐጂ መኪናውን ዳር አስይዘው አጠፉ። «ሞተሩ ይቀዝቅዝ» አሉ። አልሞቀም ነበር። ከዚያ እጃቸውን ሰድደው ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያው አዞሩት። ወደ ኋላ ምንም እንዳይታይ። እኔም ገባኝ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ጽድ ነበር፤ ሌላም የማላውቀው ዛፍ። የዛፍ ቅርንጫፍ ቆጠርኩ።

ፌስታሉ አልተንኮሻኮሸም።

«ዘነቡ» አሉ ሐጂ ወደ ፊት እያዩ፤ «ከዚያ ዳቦ ቁራጭ አቀብይኝ። ርቦኛል።»

አቀበለቻቸው። ቆርሰው በሉ፤ በእርጋታ፣ እያኘኩ። ያኔ ነው የታወሰኝ። ሐጂ ሰኞ ሰኞ ይጾማሉ። ከሐጅ ከተመለሱ ወዲህ፣ ስንት ዓመት፣ ሰኞ ጠዋት ሻይ እንኳ በአፋቸው አይዞርም። ዓርብ በስልክ ዝም ያሉት ለጎማው አልነበረም። ሳልጠይቅ ሁለተኛዬ ነው።

አላየኋቸውም። ከኋላ ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ የውሃ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት።

«ሞተሩ አልበረደም እንዴ?» አለች ዘነበች፤ ድምፅዋ ከዳቦው ጋር እየወጣ።

«በርዷል፣ በርዷል» አሉ ሐጂ። ስፖኪዮውን መለሱት።

ፏፏቴው ካሰብኩት ያንሳል፤ ድምፁ ግን ይበልጣል። በስንት ደቂቃ እንደደረስን አልመዘገብኩም። ሐጂ ምርኩዙን ይዘው ወጡ፤ ጅብ ግን አልመጣም፤ ጉሬዛዎች ብቻ ከላይ ሆነው አዩን። ዘነበች ድንጋይ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። የውሃው ፍንጣቂ ፊቷን አረጠበው። አልጠረገችውም። ምን እንዳሰበች አልጠየቅሁም፤ ይኼኛውን ባልጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ስንመለስ በሯ ላይ ስትወርድ «ነገ እንዳትደውይልኝ» አለችኝ። «እንደ ክፍል ኃላፊ ስም አትጥሪ።»

ነገ ማክሰኞ ነው። ነገ ብቻዋን ናት። እዚያ ሐጂ የሉም፣ እኔም የለሁም፣ ዳቦው ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

አንድ ሰዓት ተኩል። አልደወልኩም።

ሁለት ሰዓት። አልደወልኩም። ሦስቴ ወደ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ለዳቦ ወጣሁ ብዬ በበሯ ባልፍስ? ዳቦ አለኝ። እሷም እንዳለኝ ታውቃለች።

ሁለት ሰዓት ከሃያ። ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ስለ ሸራ ጫማው ነበር መሰለኝ፤ ጭቃው በምን እንደሚለቅ፣ በኦሞ ይሁን በሳሙና፤ ወይ ስለ ካልሲው። በሳሙና አልኳት፤ ምን እንዳልኳት በትክክል አላስታውስም። ቃሏ ግማሹ አይሰማም ነበር።

አፏ ሙሉ ነበር።